የፓምፑ ዝምታ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ሆዴን ሲብሰኝ ዋለ፤ ምክንያቱ ግን እስኪመሽ ድረስ አልገባኝም። እንግዶቹ ትናንት ሄደዋል፣ ወንድሜም ከከተማ የሚመለሰው ሲያሻው ነው፤ ሁለቱም ለእኔ አዲስ አይደሉም። ለካ የጎደለው ከመዋኛ ገንዳው ጎን ካለው ጉድጓድ ቀኑን ሙሉ ይሰማ የነበረው የፓምፑ ድምፅ ኖሯል። ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።

አባታችን ይህን ገንዳ ሲያስቆፍር «በሱሉልታ ብርድ ማን ሊዋኝ ነው?» ያሉት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ዛሬም ከዋናተኛ ይልቅ ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎች ይበዙበታል። ይሁን እንጂ ውሃው ካልተጣራ አረንጓዴ መሆኑ ስለማይቀር፣ ዋናተኛ ኖረም አልኖረም ፓምፑ መሥራት አለበት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስብ ነበር። ቆሻሻ የሚያጠምደውን ቅርጫት በሸፈነው ብርሃን አሳላፊ ክዳን ሥር አረፋ ይተራመሳል፣ በማጣሪያው ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ቀስት ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ወደ ገንዳው በሚመለስባቸው አፎችም አየር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እኔም የተቀደደ ቧንቧ ያፈሳል ብዬ በየቀኑ ባትሪ ይዤ እየወረድሁ እርጥብ ቦታ እፈልግ ነበር። ቀዳዳው ከፓምፑ ወዲያ፣ ውሃው ተገፍቶ በሚሄድበት በኩል ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርሁ። ከፓምፑ ወዲህ ባለው የመሳቢያ ቧንቧ ውስጥ ግን ፓምፑ እየሠራ ሳለ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃ አይወጣም፣ አየር ይገባል እንጂ፤ ቦታውም ደረቅ እንደሆነ ይውላል።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የክዳኑን ጎማ ነበር፤ ለዓመታት ቫዝሊን ስቀባው ኖሬ አብጦ አገኘሁት። ለዚህ ጎማ የሚስማማው የሲሊኮን ግሪስ እንደሆነ የነገረኝ መርካቶ ያለው ሻጭ ነው። ጎማውን ቀየርሁ፤ አረፋው ግን አልቀነሰም። ከዚያ ከገንዳው ወለል የሚመጣውን ቧንቧ በቫልቭ ዘግቼ፣ ከውሃው ገጽ የሚመጣውን ብቻ አሠራሁ፤ ቀጥሎም በተቃራኒው አደረግሁ። በሁለቱም ጊዜ አረፋው ያው ነበር። ቀዳዳው ሁለቱ ቧንቧዎች ከተገናኙ በኋላ ባለው አጭር መንገድ ላይ መሆኑን ያን ዕለት ማወቅ ሲገባኝ፣ እኔ ግን ከመሬት በታች ያለው ቧንቧ ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ ግቢውን ስለ ማስቆፈር አስብ ጀመር።

ቧንቧ ሠራተኛው ጋሼ ቅዳሜ ሲመጡ ታሪኩን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ሲሠራ አይተኸዋል ልጄ። ሲቆምስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ሲቆም ምን ይታያል ጋሼ?»

«እስኪ አጥፋው።»

አጠፋሁትና ሁለታችንም ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ጉድጓዱ ከገንዳው ውሃ ዝቅ ስለሚል፣ ስበቱ ሲቆም ውሃው በራሱ ክብደት ቧንቧውን ሞላው፤ የመሳቢያው ቧንቧ ከፓምፑ ጋር በጥርስ በሚገጥምበት ቦታ ከሥር በኩልም አንዲት ጠብታ አቀረረች። ጋሼ ፓምፑን መልሰው አስነሥተው በቦታው ላይ የጢም መላጫ አረፋ ሲቀቡበት፣ አረፋው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በዓይናችን አየን። እርጥበቱን እኮ በየማለዳው አየው ነበር፤ ጤዛ ነው እያልሁ አልፈው ነበር እንጂ። ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ጤዛ!

ዛሬ መጥተው ሲፈቱት የፕላስቲኩ ጥርስ ተኮማትሮ ተገኘ። «ይህ ሙቀት አይቷል» አሉኝ። እኔ ዝም አልሁ። በጥር ውሃ በተቋረጠ ጊዜ የገንዳው ውሃ ከገጽ መሳቢያው አፍ በታች ሲወርድ፣ ጥበቃው «ፓምፑን ላጥፋው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ተወው፣ ውሃው ዛሬ ማታ ይመጣል» ያልሁት እኔ ነበርሁ። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ በውስጡ የቀረችውን ጥቂት ውሃ እየናጠ ያፈላታል፤ ሙቀቱም እንዲህ ያለውን የፕላስቲክ ጥርስ ያጠቃል።

ይህን ላለማሰብ ይመስለኛል ከምሽት ጀምሮ ስለ አየር የማስበው። ፓምፕ «ይስባል» የምንለው ለአነጋገር ያህል ነው፤ እርሱ የሚያደርገው በውስጡ ያለውን ግፊት ማሳነስ ብቻ ሲሆን፣ ውሃውን የሚገፋው በገንዳው ላይ የተጫነው አየር ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1644 በጻፈው ደብዳቤ የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ሰጥመን እንደሆነ ገልጾ ነበር። እኛ እንጦጦን ተሻግረን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች የዚያ ባሕር ጥልቅ ቦታ ላይ አይደለንም፤ የሚጫነን አየር በምጽዋ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ ፓምፕ ውሃን ከ10 ሜትር ጥልቀት ሊስብ ቢችል (በስሌት ነው እንጂ በተግባር ማንም አያደርገውም) እዚህ 7 ሜትር ተኩል አይሞላም። ገንዳውን የሚጫነውም በተኮማተረው ጥርስ በኩል ሾልኮ የሚገባውም ያው አንድ አየር መሆኑን ሳስብ፣ ሦስት ሳምንት ስሰድበው የከረምሁት ምኑን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

አዲሱ ቧንቧ የተጣበቀበት ማስቲሽ እንዲደርቅ ጋሼ እስከ ነገ ጠዋት እንዳይነሣ አዝዘዋል። ሰዓት ቆጣሪው በ12 ሰዓት በራሱ ያስነሣዋል። አሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል፤ ውጭው ብርድ ነው፤ ጅቡም ከወንዙ ማዶ መጮህ ጀምሯል። ይህን ሁሉ ስጽፍ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ጋሼ ቧንቧውን ሲቆርጡ ውሃው እንዳያጥለቀልቀን ብዬ ሁለቱን ቫልቮች ዘግቼ ነበር። ከፍቻቸዋለሁ እንዴ?