ባለቤቱ የደከመበትን ሶፍትዌር እንዴት ተረከብኩት

ነገሩ የጀመረው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ አሮጌ ሰርቨር ነው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር። ፋይሎቹን ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚገለብጥ የባክአፕ ሶፍትዌር አለው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይልካል። አንድ ቀን የጠፋ ፋይል ልመልስ ብዬ ስገባ የሦስት ሳምንት ሥራ የለም። ባዶ!

ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ማታ ላይ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ አረፈ። የሰርቨሩ ዓመት 2017 ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆምና ቀን ሙሉልኝ ይላል። መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ሞላችለት። «ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ? ዓመቱ 2017 አይደል?» አለችኝ። ምን ልበላት? አልተሳሳተችም።

ሶፍትዌሩ የሚገለብጠው ካለፈው ባክአፕ ወዲህ የተነኩ ፋይሎችን ብቻ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ያለፈው ባክአፕ በ2024 ተመዝግቧል። አዲሶቹ ፋይሎች ደግሞ የ2017 ቀን ይዘዋል። ሁሉም አሮጌ መሰሉት። የሚገለበጥ ስላጣ ከሩቁ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት እንኳ አልሞከረም። ቢሞክር ይሻል ነበር፤ የሰርተፍኬቱ (የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ) ቀን ገና አልደረሰም ተብሎ ይከለከልና ጉዱ ያን ዕለት ይወጣ ነበር። እሱ ግን «ተሳክቷል» ብሎ ተኛ።

ማስተካከያው አሥራ አንድ መስመር ነው። ሰዓቱ ካለፈው ባክአፕ ወደ ኋላ ከሄደ ቁምና ጩኽ፣ ይላል። ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ይህ ለውጥ ይግባልኝ የሚል ጥያቄ፣ ላክሁ። ዝም። ሳምንት፣ ወር፣ ዝም። ፕሮጀክቱን ዙሪያውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻው ኮሚት (ኮዱ ላይ የተመዘገበ ለውጥ) ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሁለት መቶ በላይ ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ተከፍቶ ቀርቷል። ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ «ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ኮዱስ ደህና ነበር። በሩ ሲንኳኳ «አቤት» የሚል ነው የጠፋው።

ለባለቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ። ላግዝህ፣ ኮድ የማስገባት ፈቃድ ስጠኝ አልኩት። ከሃያ ቀን በኋላ በአጭሩ መለሰልኝ፦ ደክሞኛል፣ ልጅ ወልጃለሁ፣ ግን አንተን አላውቅህም።

ቅር አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። መጋቢት 2016 ላይ በኤክስዜድ፣ በፋይል ማመቂያው ሶፍትዌር፣ የደረሰውን በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ሰምቷል። «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ ሲያግዝ ቆየ። ብቻውን የደከመውን ባለቤት ተጠጋና ፈቃድ አገኘ። ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ቀበረ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ወደ ሌላ ማሽን የሚገባበት መንገድ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ባይመረምር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? የደከመ ባለቤት፣ «ልርዳህ» የሚል እንግዳ። እኔስ ከዚያ ሰው በምን እለያለሁ?

ፈቃድ መጠየቁን ተውኩት። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። ኢሹ አነባለሁ፣ ችግሩን በራሴ ማሽን ላይ እደግመዋለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ። ኔትወርክ የሌለ ቀንም ሥራ አይቆምም። ጊት፣ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው፣ የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ ላፕቶፕ ላይ ይዞ ስለሚቀመጥ ኮሚቱን አጠራቅምና ኔትወርክ ስትመጣ እልከዋለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማታ፣ ሳልጠይቅ የፈቃዱ ግብዣ መጣ።

እና ወዲያው አበላሸሁ። ቤቱን ላጽዳ ብዬ ከዓመት በላይ የቆዩ ኢሹዎችን በሙሉ በአንድ ስክሪፕት ዘጋኋቸው። በነጋታው አንዱ «ሁለት ቀን የለፋሁበትን ሪፖርት ማንም ሳያነበው ሮቦት ዘጋብኝ» ብሎ ጻፈ። አንጀቴን በላው። መልሼ ከፈትኩና አንድ በአንድ አነበብኩ። ሁለት ወር ፈጀ። ግማሹ እውነትም ያለቀለት ጉዳይ ነው። ከቀረው ግን ሦስት ሰው አገኘሁ። እንዲያ አድርጎ ችግር የሚገልጽ ሰው ኮድም ማየት ይችላል ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እሺ አሉ። ያ የተቆጣው አንዱ ነው።

የድሮውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን 2ን፣ ለመደገፍ የተጻፈውን ኮድም ጠረግነው። የቋንቋው ድጋፍ ካበቃ፣ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ማን ይጠቀመዋል ብዬ ነበር። ለካ የሚጠቀም አለ። ለእነሱ አሮጌው ቨርዥን ለብቻው ተቀምጧል።

የሪቪውን፣ ማለትም ኮድ ከመግባቱ በፊት የሚታይበትን፣ ሥርዓት ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ የተማሩት ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ቡና ላይ «ሁሉም ኮዱን እኔ እንዳይለት ይጠብቃል፣ አልቻልኩም» ብዬ አማረርኩ።

«የኔታ የሁሉንም ተማሪ ቅኔ ብቻቸውን ይሰማሉ እንዴ? አስነጋሪው ምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ።

በእሳቸው ጊዜ ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለአስነጋሪው ይነግር ነበር፤ አስነጋሪው ቀደም ያለ ተማሪ ነው፣ ሰምቶ ያርማል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ሦስቱ አስነጋሪ ሆኑ። የእኔም ኮድ ከእነሱ አንዱ ሳያየው አይገባም። ተጠቃሚው የሚያወርደውን ጥቅልም ከላፕቶፔ ላይ ማዘጋጀት ትቻለሁ። ኤክስዜድ ላይ ተንኮሉን የሚያስነሣው ስክሪፕት ጊት ውስጥ አልነበረም፤ ጥቅሉ ውስጥ ብቻ ነበር። አሁን ጥቅሉ ሁሉም ሰው ከሚያየው ኮድ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሠራል።

ያቺ አሥራ አንድ መስመሬም በመጨረሻ ገባች። አንድ ነገር ጨመርኩባት፦ ሰዓቱ በ7 ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ይመስላል» ትላለች። ከሦስቱ አንዱ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ለምን 7 ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። የዘመን አቆጣጠራችንን አስረዳሁት። ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

በነጋታው መለሰ። «መስከረም ላይ ዓመት ከቀየራችሁ፣ እኛ ጥር ላይ ስንቀይር ልዩነቱ 8 አይሆንም?» ይህን የሚፈትን ኮድ ጽፎ አያይዞታል። ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ነበር። ፈረንጆቹ ዓመት ሊቀይሩ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል።