ታንኳዋ ፀሐይ እስክትሞቅ

ባሕር ዳር የገባሁት ማታ ነው። ጠዋት ቡናዬን ፉት ብዬ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ወደ ዘጌ ልሻገር ነበር፤ ጀልባው ግን ሰው ካልሞላ አይነሳም ተባለ። እንግዲህ ጠብቅ!

አጠገቤ አንዲት የደንገል ታንኳ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች። ውሃ ይንጠባጠብባታል።

"አባባ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" አልኳቸው ባለቤቷን።

"ውሃ ጠጥታ ከበደች እኮ፣ ልጄ። ፀሐይ ካልሞቀች አታገለግልም። ሁልጊዜ ውሃ ላይ ካደረች ትበሰብሳለች።"

ይቺ መልስ የቆየ ጥያቄ ቀሰቀሰችብኝ። ሕይወት ሲጀመር፣ ራሱን እየቀዳ የሚባዛው የመጀመሪያው ሞለኪውል ከየት መጣ? ዋናው ተጠርጣሪ አርኤንኤ ነው፤ የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ፣ ከትናንሽ ቅንጣቶች የተሰካካ የሰንሰለት ሞለኪውል። መረጃ ይይዛል፤ እንደ ኢንዛይምም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን እንደሚያፋጥን ሞለኪውል፣ ይሠራል። ይህን ሁለተኛውን ሙያውን ያገኙት ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ችግሩ ውሃ ነው። የአርኤንኤ ቅንጣቶች ሲያያዙ በየመጋጠሚያው አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። ዙሪያው ሁሉ ውሃ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ መልሶ ይበጠሳል። ውሃ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ቅንጣቶቹ ከየት ይገናኛሉ? ለዚህ ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች ባሕሩን ትተው ኩሬ የሚያዩት፤ በእሳተ ገሞራ አካባቢ የሚሞላና የሚደርቅ ኩሬ። ሲደርቅ ይያያዛል፤ ሲረጥብ ይደባለቃል። ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ አፈርም ሰንሰለቱ እንዲረዝም እንደሚያግዝ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ በጫማዬ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ዛሬ እዚህ እንዲህ ያለ አንድ ሰንሰለት ቢፈጠር ባክቴሪያ ቁርስ ያደርገዋል። ያኔ ግን የሚበላው አልነበረም።

እኔ የምወደው የአሜሪካዊውን ባዮሎጂስት የሶል ስፒገልማንን ሙከራ ነው። የአንድ ቫይረስ አርኤንኤ ከመቅጃ ኢንዛይሙና ከጥሬ ዕቃው ጋር ቱቦ ውስጥ ከተቱ። ሲባዛ ከላዩ ቀንሰው ወደ አዲስ ቱቦ፣ እንደገና ወደ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ውጤት፣ 74ኛው ዙር ላይ ከሰንሰለቱ 83 በመቶው ጠፍቶ ነበር። አጭሩ ቶሎ ይቀዳላ! ሕይወት የሌለው ነገር ሲሽቀዳደም አስቡት። እርግጥ ኢንዛይሙን ያቀረበው ሰው ነው። በጥንቱ ኩሬ ማን ያቅርብ? አርኤንኤው ራሱን በራሱ መቅዳት ነበረበት፤ ጭንቁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

"ዘጌ! ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን! ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ!"

ተነሳሁ። አባባ ታንኳዋን ገልብጠው እርጥብ ጎኗን ለፀሐይ ሰጧት።