ሃያኛው ወሬ

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ነበረች። አራት ነበርን፤ ሥራችን ጦርነቱን ተከትለው የሚናፈሱ ሐሰተኛ መረጃዎችን ማጣራት ነው። ደመወዛችን በሁለት ድርጅቶች እጅ አልፎ ይድረሰን እንጂ ምንጩ አሜሪካ ነበር። ውሉ በወር ሃያ የተጣራ ወሬ ይላል። ከሃያ ከጎደለ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «ምክንያቱ ይገለጽ» የሚል ሳጥን አለ። ያን ሳጥን እንደ ዕዳ ደብዳቤ እፈራው ነበር።

ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ የወሩ የመጨረሻ ቀን ነበር። በእጃችን ያለው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዷ ባልደረባዬ ከአንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ፎቶ ይዛ መጣች፤ አፉን የሸፈነ ሰው በጆንያ ክምር ላይ መድኃኒት ይረጫል። ከሥሩ ጦርነት ካለበት አካባቢ የሚመጣው ጤፍ እየተመረዘ ነው ይላል።

ማጣራቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከጆንያው ጀርባ የቆመው የጭነት መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ ነው። ፎቶው ተገልብጦ እንዳይሆን ብላ ሰሌዳውን አጉልታ አየችው፤ ቁጥሩ በትክክል ይነበባል። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር መጋዘን ውስጥ ነቀዝ ሲጠፋ የተነሣ ፎቶ ነበር።

የገጹ ተከታዮች 412፣ ጽሑፉን ያጋሩት ስድስት ሰዎች። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ ቅጣቱን የሚያከብደው ተከታዩ ከ5,000 ሲበልጥ ነው። «ማንም ያላየውን ነገር ለምን እናወጣዋለን?» አለች። ልክ ነበረች። እኔ ግን አርታኢው ነኝ፤ ሳጥኑ ታየኝ። «አውጪው» አልኋት።

«ከጦርነት ቀጠና የሚመጣው ጤፍ ተመርዟል?» የሚል ርእስ ሰጠነው። ፎቶውን ከነአርማችን አወጣን፤ «ሐሰት» የሚል ቀይ ማኅተም በታችኛው ጥግ አሳረፍንበት። ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ስለነበር ቢሮው ጭር ብሎ ዋለ። ገጹን ዞር ብሎ ያየ የለም።

ቅዳሜ የእናቴን ጤፍ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሌላ ቀን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ ያን ቀን አምስት ሴቶች ብቻ ቆመዋል። አንዷ ከጆንያዋ እፍኝ ጤፍ ዘግና ታሸታለች። ባለ ወፍጮዋ፣ ሁሌም «ልጄ» የሚሉኝ እናት፣ ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አየኸው? ጋዜጠኞቹ አወጡት።»

የእኛ ፎቶ ነው። አርማችን ከላይ አለ፣ ርእሱ አለ፤ የጥያቄ ምልክቱና ቀዩ ማኅተም የሉም። አንድ ሰው የርእሱን ጫፍና የታችኛውን ጥግ ቆርጦ አስቀርቷቸዋል።

«እማማ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው። የጻፍነው እኛው ነን፤ ውሸት መሆኑን ነው የጻፍነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ውሸት ከሆነ ለምን ጻፋችሁት?»

መልስ አልነበረኝም። ዱቄቴን ይዤ ስወጣ ጤፍ የምታሸተው ሴት ሳታስፈጭ ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት ማኅተሙን ወደ ፎቶው መሐል አዛወርነው፤ ወሬውን በርእስ መድገምም ቀረ። እሱ ቀላሉ ነው። የወሩን ቅጽ ስሞላ ግን ሃያኛው ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የደረሰበት ሆኖ አገኘሁት። በቅጹ አቆጣጠር ይህ ትልቅ ስኬት ነው! ከሪፖርቱ ጋር የሆነውን ሁሉ የሚናገር አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ፤ ከሥራ እሰናበታለሁ ብዬም ጠበቅሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ግን ደወሉ፤ ሃያው ወደ ስምንት ወረደ፤ በተረፈው ገንዘብ እህል በረንዳ ውሎ ዋጋ የሚጠይቅና ሾፌሮችን የሚያነጋግር አንድ ልጅ እንድንቀጥር ተፈቀደልን።

ኃላፊው ስለ ኮንጎው ሬዲዮ ኦካፒ ያነሡልኝ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ተልዕኮና በስዊዘርላንዱ ፋውንዴሽን ኢሮንዴል የተቋቋመ ጣቢያ ነው። ጦርነት በከፋፈለው አገር በፈረንሳይኛና በአራት የአገሩ ቋንቋዎች በየቀኑ ዜና ያሰማል። ወሬ ሲያሳድድ ከመዋል በፊት ለአድማጩ ዛሬ ምን እንደተፈጠረ ይነግረዋል። የእኛም ልጅ የቅዳሜ ዋጋ ዝርዝር ከማስተባበያዎቻችን ሁሉ ይበልጥ ይነበብ ጀመር። አንድ ሰሞን መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ሲወራ ሌሊቱን ከገቡ ሾፌሮች የሰማውን ከማለዳው ጽፈነው ነበር።

የውጭ ገንዘብ ጭራሽ ይቅር ከሚሉት ጋር አልስማማም። በማስታወቂያ ኑሩ ማለት ይቀላል፤ ስሙ ከጦርነት ዜና አጠገብ እንዲታይለት የሚፈልግ ነጋዴ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የውጭ የልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ቢሮውን ለቀቅን፤ ልጁም ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወፍጮ ቤት ስሄድ እኚያው እናት የዋጋው ዝርዝር ለምን እንደቀረ ጠየቁኝ። ገንዘቡ መቋረጡን ነገርኋቸው።

«ስንት ይፈጅ ነበር?»

የልጁን ደመወዝ፣ ትራንስፖርቱንና የስልክ ካርዱን ደምሬ ነገርኋቸው። ዱቄት የለበሰ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉና ሳቁ።

«ለዚህ ነው አሜሪካ ድረስ የሄዳችሁት?»