ክፍል፦ 3

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የኮራሁበት ያ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

በአራተኛው ክፍል የሥርዓተ ፆታ ዐውደ ርእይ ከከፈትን አሥር ቀን አልሞላም ነበር። ጠቡ ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ ነው፤ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ ሕፃን ያቀፈ ጎልማሳ። ሰውዬው ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተሸፈነ ነው። ቢሆንም በራችን ላይ የተለጠፈውን «ለቤተሰብ የተመቸ ሙዚየም» የሚል ጽሑፍ እየጠቀሰ የማይጽፍ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ ላይ የማይደውል አድማጭ ጠፋ። ግማሹ «አውርዱት» ይላል፤ ግማሹ «ብትነኩት ወዮላችሁ» ይላል። መጥቶ ሥዕሉን ያየው ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነበር፤ ትኬት ቆራጯ ምስክር ናት።

ለአስተያየት ቅጾች መልስ መጻፍ የእኔ ድርሻ ነው። ከቅጾቹ አንዱ እንዲህ ይጀምራል፦ «የሴት ልጅ አባት ነኝ። ልጆች በሚገቡበት ቤት እንዲህ ያለ ሥዕል መስቀላችሁ አሳዝኖኛል።» ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም። ሠላሳ ጊዜ ያነበብኩት ነገር መስሎኝ ነበርና ብዕሬን አነሣሁ።

መቼም ጻፍኩ ካልኩ ጻፍኩ ነው። በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር የሥዕል ሙዚየም እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የዋተርሃውስን ሥዕል ከግድግዳ አውርዶ፣ ጎብኚዎች በባዶው ቦታ ላይ ሐሳባቸውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ እንዲለጥፉ ማድረጉን፣ ቁጣው ሲበረታ ደግሞ በሳምንት ገደማ መልሶ መስቀሉን ተረኩ። ማውረድ መፍትሔ አይሆንም ለማለት ነው። ቀጥዬም የጎሪላ ጭምብል የሚያጠልቁት የኒው ዮርክ ሴት አርቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡትን ፖስተር ጠቀስኩ፦ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍሎች ሥራቸው ከሚታይላቸው አርቲስቶች ሴቶቹ ከ5 በመቶ በታች ናቸው፤ ከእርቃን ሥዕሎቹ ግን 85 በመቶዎቹ የሴት ናቸው። «ልጅዎን የሚወዱ ከሆነ ይህን ዐውደ ርእይ ሊቃወሙት አይገባም» ብዬ ዘጋሁት። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለሁለት ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ።

በሳምንቱ አባትየው ደብዳቤዬን አጣጥፎ ይዞ መጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለኝ። «ለማን እንደጻፉት ግን አልገባኝም።»

«ለእርስዎ ነው እንጂ! ስለ ባለቀሚሱ ሰውዬ…»

«ስለ ባለቀሚሱ እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ልጄም ዞር ብላ አላየችውም።»

ቅጹን ከፋይሉ አወጣሁ። ከላይ፣ በቀኝ በኩል ባለው ሳጥን ውስጥ «ክፍል፦ 3» ይላል። በጉልህ ነው የተጻፈው።

በሦስተኛው ክፍል፣ እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ የተሰቀለ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ፤ በምንጭ ዳር የሚታጠቡ ሦስት ሴቶች፣ አንዲት ክር የሌለባቸው። አንድ ለባሽ ሽማግሌ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ ያያቸዋል። የትምህርት ቤት ጉብኝት በሙሉ በፊቱ ያልፋል፤ አንድ ሰው ቃል ተናግሮበት አያውቅም።

«ልጄ ‹ሽማግሌው ለምን ተደብቆ ያያቸዋል?› አለችኝ» አለ። «መልስ ፍለጋ መግለጫውን አነበብኩ። ‹የንጹሕ ተፈጥሮ ውበት› ይላል። ሽማግሌውንም ንጹሕ ተፈጥሮ ነው ልበላት?»

መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አልነገርኩትም።

ከዚያ ደብዳቤዬን ዘረጋና በእርሳስ ያሰመረበትን አሳየኝ። «ይህ የማንቸስተሩ ሥዕል ምንድን ነው?»

«በኩሬ ውስጥ ያሉ… ልጃገረዶች።»

«ልብስ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ይህስ 85 በመቶ የሚለው፣ የትኛውን ክፍላችሁን ይመለከታል? ሦስተኛውን ነው ወይስ አራተኛውን?»

ሁለት ገጽ ሙሉ ማስረጃ የሰበሰብኩት ለካ ለእርሱ ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄ እስከ በሩ ሸኘሁት። እርሱም ደብዳቤውን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሊያስቀምጠው ነው መሰለኝ።

ወደ ሥራ አስኪያጃችን ስገባ ስለ መጋረጃ እየመከሩ አገኘኋቸው። ለሦስተኛው ክፍል አይደለም፤ ለባለቀሚሱ። መሳቂያ መሆናችን እንዲገባቸው ብዬ የለንደኑን ታሪክ አነሣሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተበረከተው የሚኬላንጄሎ እርቃን የዳዊት ሐውልት ቅጂ፣ ንጉሣውያን ሊጎበኙ በመጡ ቁጥር በመንጠቆ የሚሰቀልለት ግማሽ ሜትር የሚያህል የጂፕሰም የበለስ ቅጠል ነበረው። ዛሬ ቅጠሉ ራሱ የሙዚየም ቅርስ ሆኗል አልኳቸው።

«አያችሁ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደሌሎቹ ዞረው። «እንግሊዞቹም አድርገውታል።»

መጋረጃው በማግስቱ ተሰቀለ። በሕንፃው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የለበሰው ሰው ተጋረደ። ልጆች ደግሞ መጋረጃ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ ጥበቃው ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲጎትት ይውላል።

ያን ቅጽ ግን ዝም ብዬ አልተውኩትም። በአራተኛው ክፍል ላይ ከቀረቡት ተቃውሞዎች ጋር መቆጠሩ ስሕተት እንደሆነ በጽሑፍ አመለከትኩ። «ቆጠራው ለቦርድ ቀርቧል፤ አሁን ምን ላድርግ?» ተባልኩ። የሦስተኛውን ክፍል መግለጫ እንደገና ጽፌ፣ ሽማግሌውንም ጨምሬ አስገባሁ፤ «ረዘመ» ተብሎ ተመለሰልኝ። አሳጥሬ ላክሁ። አሁን «ለልጆች ይከብዳል» የሚል ተጽፎበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

እኔ ከዚያ ወዲህ የክፍል ቁጥር ሳላይ መልስ አልጽፍም። ባለፈው ወር ብቻ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ እርሱም የሰውዬው የእጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ ነው።

አባትየው በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ቀሚሱን ከተቃወሙት መካከል እንደተቆጠረ አለ።