ከአዲስ አበባ እስከ ዳሎል ለሚመላለስ ላንድክሩዘር ባትሪ የመረጥኩበት መንገድ

መኪናዬ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት ላንድክሩዘር 78 ስትሆን፣ ሥራዋም ተመራማሪዎችንና ጎብኚዎችን ከአዲስ አበባ አሳፍራ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ አፍዴራ፣ ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል ማድረስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያደረ ባትሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል ወርዶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ ያ ደግሞ የጥላው ሙቀት እንጂ ከኮፈኑ ሥር ከሞተሩ ጎን ያለው ሙቀት አይደለም። የቀድሞው ባትሪ ሲደክምብኝ ሌላውን የመረጥኩት ይህን መንገድ በአእምሮዬ ይዤ ነው።

የድካሙ ምልክት የታየው አፋር ውስጥ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ በኅዳር ብርድ ማለዳ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ተታልሎ «ባትሪዬን ብርድ ገደለው» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ባትሪ የሚያልቀው ቆላ ሲሆን፣ ማለቁ የሚታወቀው ደጋ ላይ ነው። በባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ስለሚፈጥን፣ የፖዘቲቭ ፕሌቶቹ (በአሲዱ ውስጥ የተደረደሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ፍርግርግ ቶሎ ይበላል፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ሆኖም እዚያው ሙቀት ውስጥ እያለ የሞተሩ ዘይት ቀጭን ስለሆነና ባትሪውም ሞቅ ስላለ፣ የደከመው ባትሪ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ እንደ ደህና ያዞራል። ደጋ ሲመጣ ዘይቱ ይወፍራል፣ የናፍጣው ማሞቂያ ካንዴላዎች ገና ሞተሪኖው ሳይዞር ብዙ አምፔር ይወስዳሉ፣ ባትሪውም በብርዱ ምክንያት የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ለረጅም ጊዜ የማውቃቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን እንወቅ» አሉኝና የቮልት መለኪያ ቴስተራቸውን አወጡ። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ያደረች ስለነበረች ባትሪው 12.4 ቮልት አሳየ፤ ይህ ሙሉ ቻርጅ ካለው ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያነሰ ቢሆንም የሚያስደነግጥ አይደለም። ሞተሪኖው ሲዞር ግን ወደ 8.7 ወረደ፤ ጤነኛ ባትሪ በዚህ ጊዜ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ፖል (የገመድ መግጠሚያ)፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ላይ አድርገው እንደገና አስነሳ አሉኝ። 0.8 ቮልት ታየ፤ ይህ ማለት ሊወርድ የማይገባው ኃይል በዝገት በተያዘው ጥቁር ገመድ ላይ ይባክናል ማለት ነው። ማሰሪያውን ፈትተው በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው መልሰው ሲያጠብቁት ንባቡ ወደ 0.2 ዝቅ አለ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ሞተሩ በርቶ 14.2 ቮልት ስለሰጠ ከጥርጣሬ ወጣ።

ገመዱ ከተስተካከለም በኋላ ባትሪው አሁንም ይወርድ ነበር። የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው አሲዱ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው የአሲድ መለኪያ ነው። ስድስቱን ክዳኖች ከፍተው ከእያንዳንዱ ሴል (ባትሪው ከተከፈለባቸው ስድስት ክፍሎች) አሲዱን በመስታወቱ ቱቦ እየሳቡ ተንሳፋፊዋን ሲያነቡ፣ አምስቱ ሴሎች 1.250 ሲያሳዩ አንደኛው 1.150 ላይ ቀረ። ያ ነው የሞተው ሴል። ቮልት ብቻ ለክቶ የሚፈርድ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ምክንያቱም በአንድ ሴል ውስጥ የአሲዱ ንባብ በ0.1 ሲወርድ ቮልቱም የሚወርደው በ0.1 ያህል ብቻ ስለሆነ በጠቅላላው 12.4 ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ይህ ምርመራ ለምርጫውም መነሻ ሆነኝ፤ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ባይሆን ኖሮ የትኛው ሴል እንደሞተ ቀርቶ መሞቱን እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የመጠን ጥያቄ ነው። በሱቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው በአምፔር ቢሆንም፣ ለጃፓን መኪና ግን ከሁሉ የሚበልጠው በባትሪው ላይ የተጻፈው ኮድ ነው። የእኔ 95ዲ31 ነበር። 95 የአቅሙ ደረጃ፣ ዲ የተባለው ፊደል የወርዱና የከፍታው ዓይነት፣ 31 ደግሞ በሴንቲ ሜትር የርዝመቱ ግምት ነው፤ በመጨረሻ የሚከተለው አር ወይም ኤል ፖዘቲቭ ፖሉ በየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል። ይህን የመጨረሻ ፊደል ንቆ የሚገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ ገመዱ አልደርስ ይለዋል፣ ተጎትቶ ቢደርስም በመንገድ ላይ ከብረት ጋር እየተፋተገ ይላጣል። በአውሮፓ ልክ የተሠሩ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ ቁመታቸው አጠር ያለ ሆኖ የሚታሰሩትም ከሥር ባለው ጠርዝ ነው፤ የላንድክሩዘር ማሰሪያ ግን ከላይ በሚጋደም ብረት የሚጨብጥ ስለሆነ በመካከሉ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በጣውላ ሞልተው የሚሄዱ አይቻለሁ። ለአስፋልት ምናልባት ይበቃ ይሆናል፤ ለኤርታሌ የላቫ ድንጋይ ግን አይበቃም።

የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ስደርስ ሻጮቹ ሁሉ ያሳዩኝ የነበረው በብርድ የማስነሳት አቅም ተብሎ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትክክለኛ ነገር ይለካል፤ በአሜሪካው ደረጃ መሠረት ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ30 ሰከንድ ያህል ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ምን ያህል አምፔር መስጠት እንደሚችል ይናገራል። እንዲህ ያለ ብርድ ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳ አያውቀውም። ከዚህም በላይ በአንድ መጠን ሣጥን ውስጥ ይህን ቁጥር ለማሳደግ ከሚጠቅሙት መንገዶች አንዱ ፕሌቶቹን ማሳሳትና ቁጥራቸውን ማብዛት ነው፤ ስስ ፕሌት ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይበላል፣ በመንቀጥቀጥም ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ ለሞተሬ የሚበቃውን ያህል ካገኘሁ በኋላ የዚህን ቁጥር ብልጫ አላሳደድኩም፤ የፈለግሁት እርሳሱ የበዛ፣ ፕሌቱ የወፈረ ባትሪ ነው።

ሣጥኑ ተዘግቶ ሳለ የፕሌቱ ውፍረት በዓይን አይታይም፤ ሚዛን ግን ይናገራል። አሮጌ ባትሪ በክብደቱ የሚገዛ ጎረቤት ሱቅ ስለነበረ፣ ተመሳሳይ ኮድ ያላቸውን ሁለት ባትሪዎች ሁለቱም አሲድ ሳይገባባቸው በዚያው ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ «ወንድሜ፣ ቡና ነው እንዴ የምትገዛው?» አለኝ። ልዩነቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሲጠጋ ግን እርሱም ዝም አለ። ርካሹ የቀለለው ነበር። በአንድ ሣጥን መጠን ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ከእርሳሱ በቀር ብዙ ነገር የለም።

አሲዱ በፋይበር መስታወት ጨርቅ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘውን፣ አይፈስም የሚባለውን ኤ.ጂ.ኤም. ባትሪ በቁም ነገር አስቤበት ነበር። ፕሌቶቹ ተጠቅጥቀው የተያዙ ስለሆኑ መንቀጥቀጥን በመቋቋም ከተራው ባትሪ ይበልጣል፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። የተውኩት በሙቀቱ ምክንያት ነው። ከኮፈን ሥር ሲግል ጋዝ ካስወጣ የወጣው ውሃ አይመለስም፣ ክዳን ስለሌለው የሚጨመርበትም መንገድ የለም። ሊቲየሙን ያነሱልኝም ነበሩ፤ ግን የውስጥ መከላከያው ሲሞቅ ኃይል የሚያቋርጥ ባትሪ ከሞተር ጎን አስቀምጦ ሰው ወደሌለበት የጨው ሜዳ መውረድ አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ባለ ክዳን፣ ውሃ የሚጨመርበት፣ ወፍራም ፕሌት ያለው ተራ ባትሪ መረጥኩ። የባትሪ ውሃ ደግሞ ሰመራም ሎጊያም ይገኛል።

ከዓይነቱ ቀጥሎ ያለው ነገር ትኩስነቱ ነው፤ በእኔ አመለካከት ከማርካው ይበልጣል። አሲድ ከነውስጡ ሆኖ የሚመጣ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ቻርጁ ይቀንሳል፤ በሞቃት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ፈጥኖ ይቀንሳል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ወራት ሲቆይ ፕሌቱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ሰልፌት በኋላ በቻርጅ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የተመረተበት ቀን በየፋብሪካው በተለያየ ኮድ ስለሚታተም፣ ሻጩ ኮዱን እንዲፈታልኝ እጠይቃለሁ፤ ሊፈታው ካልቻለ ቴስተሬን አወጣለሁ። «ትናንት ከኮንቴይነር የወጣ ነው» የተባለልኝ አንዱ 12.3 ቮልት አሳይቶኛል፤ ያ ከትናንት ብዙ የራቀ ነው። ሌላው መታየት ያለበት ፖሉ ነው። አዲስ ፖል ጭረት የለውም፤ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ የተወለወለ ወይም የማሰሪያ ጥርስ ምልክት ያለው ከሆነ፣ ተለጣፊው የቱንም ያህል ቢያበራ ባትሪው ቀድሞ ሌላ መኪና ላይ ሠርቷል።

በመጨረሻ የገዛሁት አሲድ ሳይገባበት፣ ማሸጊያው ሳይነካ የሚመጣውን ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሲቀመጥ የሚጎዳው እጅግ ያነሰ ነው። ግን ሥራውን ለሻጩ ጥድፊያ አልተውኩም። በጀሪካን የሚሸጠውን አሲድ ከመሙላታችን በፊት በመለኪያ አነበብነው። ለቀዝቃዛና ለመካከለኛ አየር የሚሞላው 1.280 አካባቢ ሲሆን፣ ለሞቃት አገር ፋብሪካዎች ወደ 1.240 ዝቅ ያደርጉታል፤ ቀጠን ያለ አሲድ የማስነሳት ኃይሉን ትንሽ ቢቀንስም የፕሌቱን ዕድሜ ያራዝማል። ለእኔ የሚስማማው ሁለተኛው ነበር፣ የባትሪው መመሪያም ይፈቅደዋል። ከሞላን በኋላ ፕሌቶቹ እስኪጠጡ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ፣ ከዚያም በዝቅተኛ አምፔር ቻርጅ ላይ አደረ። «ግጠመውና ዲናሞው ይሞላዋል» የሚለው ምክር በየሱቁ ይሰማል፤ ዲናሞ ግን የጎደለውን ለመተካት እንጂ ባትሪን ከመጀመሪያው ለማሟሸት የታሰበ አይደለም።

ስንገጥመው ባለሙያው ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰዱት ማሰሪያው ላይ ነው። ከሥሩ ያለውን ትሪ አጥበው የዛገውን ቀለም ቀቡ፣ አሲድ የማይበላው ስስ ጎማ አነጠፉ፣ ሁለቱን የማሰሪያ ቡሎኖች ተራ በተራ አጠበቁ። ከዚያ ባትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገፉት፤ መኪናዋ ስትወዛወዝ ባትሪው ብቻውን አልተነቃነቀም። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ሣጥኑን ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ ልኩ ይኸው ነው፤ ባትሪውና መኪናው አንድ ላይ መንቀሳቀስ አለባቸው። የላላ ባትሪ በኮረኮንች ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለቴ ይመታል፣ ከፕሌቱ የሚረግፈው ዱቄትም ከሥር ተከማችቶ ሴሉን ውስጥ ለውስጥ ያገናኘዋል። የቀድሞው አንድ ሴል ብቻውን የሞተው በዚህ ይመስለኛል።

ማቀዝቀዣውን ከዚህ ባትሪ ላይ ማንሳት የግድ ነበር። ለጎብኚዎች ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሣጥን ሲሠራ ወደ 4 አምፔር ይወስዳል፤ በአፋር ሌሊት ደግሞ ብዙ አያርፍም። የማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ለመስጠት የተሠራ ስለሆነ በየሌሊቱ እስከ ግማሽ ቢወርድ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከኋላ፣ ከሞተር ሙቀት ርቆ፣ ሁለተኛ ባትሪ አስገጠምኩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከፊተኛው ጋር የሚያገናኘው ሪሌይ አለው። ለዚህኛው ኤ.ጂ.ኤም. መረጥኩ፤ አይፈስም፣ በተለመደው ሥራ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጋዝ አይበትንም፣ ሙቀቱም እንደ ኮፈን ሥር አይደለም። በፊተኛው ቦታ ያልሆነልኝ እዚህ ተስማማኝ።

አሁን ከቆላ በተመለስኩ ቁጥር ክዳኖቹን ከፍቼ የውሃውን ልክ አያለሁ፣ ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ እጨምራለሁ፤ አሲድ ፈጽሞ አልጨምርም፣ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ነው። ስድስቱንም ሴሎች በመለኪያ አንብቤ በደብተር እጽፋለሁ። እስካሁን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ0.010 አልበለጠም። ይህ ደብተር ለሌላም ጉዳይ ይጠቅመኛል፤ በዋስትና ወረቀቱ ላይ ውሃው ጎድሎ ለተገኘ ወይም ሣጥኑ ለተሰነጠቀ ባትሪ ሻጩ ኃላፊነት እንደማይወስድ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ ወረቀቱን የተገዛበት ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም አስደርጌ፣ ከሊብሬው ቅጂ ጋር አስቀምጬዋለሁ። አሮጌውን ባትሪ እዚያው ሱቅ አስረክቤ ከዋጋው ላይ አስቀንሻለሁ።