ፀጉር ሠሪዋ ልጅ

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ጀመረ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ከያዘ አይለቅም። ሂርማታ ልወርድ ያሰብኩት ቀረ። እማዬ ከአጋሮ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ ቡና አቀራርባ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላለች። እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የያሱጂሮ ኦዙን ፊልም «ቶኪዮ ስቶሪ»ን አስጀመርኩ። በፈረንጆቹ 1953 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጃፓንኛ።

«ይሄን ደግሞ ማን ሊሰማው ነው?» አለች።

ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ ልነግራት ተስማማን።

ታሪኩ አጭር ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ከኦኖሚቺ ተነስተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። በቃ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መተርጎሙን ተውኩት። ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጎረቤት። እኛ ፊልም ላይ አባት ሲከፋው መሀል ሳሎን ቆሞ፣ ሙዚቃ ገብቶለት፣ ሁለት ደቂቃ ይናገራል። እዚህ አባትየው «እህ» ይላል። አንዱ «እህ» ካንዱ አይመሳሰልም። ተዋናዩ ቺሹ ሪዩ ያኔ 49 ዓመቱ ነበር፤ የሚሠራው የሰባ ዓመት ሰው ነው! ሚስቱን ሆና የምትሠራው ቺዬኮ ሂጋሺያማ በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ ትበልጠዋለች። ያረጀው በሜካፕ ብቻ አይደለም። ወገቡን አይታችሁ፣ ከመቀመጫው ሲነሳ አይታችሁ፣ አዛውንት ነው።

ካሜራው ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚያየው፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት። ይሄን ሳልነግራት እማዬ ከበርጩማዋ ሆና «ቤታቸው የገባሁ መሰለኝ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ የሚወደው ባሏ በጦርነት የሞተባትን ምራት፣ ሴትሱኮ ሃራን ነው። ፈገግታዋ ያምራል፣ አልክድም። የኔዋ ግን ፀጉር ሠሪዋ ትልቋ ልጅ ናት። ሃሩኮ ሱጊሙራ። ባሏ ለወላጆቿ ኬክ ይዞ ቢመጣ ውድ ነው ብላ ትቆጣዋለች፤ ብስኩት አይበቃቸውም? ሳሎኗ ውስጥ እነማን ናቸው ብትባል ከገጠር የመጡ የምናውቃቸው ሰዎች ትላለች። ሌላ ተዋናይት ክፉ መሆኗን እንድናውቅላት ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ሱጊሙራ እንዲህ ዓይነት ነገር የላትም። ሥራዋን እየሠራች ጣል ታደርገዋለች። ክፉ ነገር መናገሯንም አታውቅም። የገደለኝ ይሄ ነው።

ከዚያ እናትየው ትሞታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ የምሯን። ከቀብር መልስ ግን ማዕድ ላይ፣ እየበላች፣ የእናቷን ልብስ ለመታሰቢያ ስጡኝ ትላለች። የትኛውን እንደሆነ ለይታ!

«አየሻት? አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» ብዬ ጮህኩ።

እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር። «አልቅሳለች እኮ» አለች። ከዚያ ረከቦቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

የአክስቴ ረከቦት ነው። አምና አጋሮ፣ በሠልስቷ ዕለት፣ ንፍሮ እየዘገንኩ «ይሄን እኔ ልውሰደው» ብዬ ያመጣሁት።

«ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አለችኝ።