በሐይቁ ዙሪያ፣ ቀስ ብሎ

ትናንት ኦርላንዶ፣ ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ዋልን። ፓርኩ ውስጥ ያለውን ሐይቅ ከብበው የ11 አገሮች አምሳያዎች ተሠርተዋል፤ ከሜክሲኮ ተነስታችሁ ካናዳ ትደርሳላችሁ። ዙሩ 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ብዙ ሰው በየአገሩ አንድ አንድ የአልኮል መጠጥ እየቀመሰ ነው የሚዞረው። 11 መጠጥ፣ በዚያ የፍሎሪዳ ፀሐይ! ጉበት ግን አንዱን ለማጣራት ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

እኔና እህቴ ጠዋት ጠገብ አድርገን በላን። ሜክሲኮ ላይ አንድ ማርጋሪታ (የተኪላ መጠጥ) ለሁለት ተካፈልን። ኖርዌይንና ቻይናን ውሃ ብቻ እየጠጣን አለፍናቸው። (ፈጣን ምግብ የሚሸጡበት ጠይቁ፤ የበረዶ ውሃ በነፃ ይሰጧችኋል።) ጀርመን ጋ ቢራ ከቋሊማ ጋር፣ ከዚያ ረጅም እረፍት ጥላ ስር።

የከበደኝ ፈረንሳይ ነው። በረዶ የተፈጨበት የብርቱካን መጠጥ አላቸው፤ ሲጠጡት ጭማቂ ነው የሚመስለው። ልክ እንደ ጠጅ። ቁጭ ብላችሁ ምንም አይላችሁም፣ ስትነሱ ነው የሚይዛችሁ። ግማሹን ጠጥቼ ተውኩት፤ ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።

ሲመሽ ርችቱ ሐይቁ ላይ ፈነዳ። እህቴ እጄን ጨብጣ ዝም ብላ ታይ ነበር። እያንዳንዱን ቀለም አስታውሳለሁ። ሆቴል የገባነው በአውቶቡስ ነው።